ለሚንቀጠቀጥ እጅ የተሠራ ኪቦርድ

እስትንፋስን የሰጠ፣ በወደደውም ጊዜ ወደ ራሱ የሚሰበስብ እግዚአብሔር ስሙ ይክበር። በቢቸና ተቀምጠው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በመጻፍ ይተዳደሩ የነበሩት፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ሞጣ እየሄዱ ወጣቶችን ያስተምሩ የነበሩት መምህርት ማስተዋል ባለፈው ወር ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው።

በዕድሜ አባታቸው የምሆን የቅኔ መምህር ብሆንም በኮምፒዩተሩ ሙያ ደቀ መዝሙራቸው ነበርሁ። የቅኔ መምህሬ በቃል ያወረሱኝን ትምህርት በጽሑፍ ሳላስቀር እንዳልሞት ዘወትር እሰጋ ነበር። ከታመምሁ ወዲህ እጄ እየተንቀጠቀጠ ብርዕ መያዝ አቃተኝ። ከሱቅ በተገዛ ኪቦርድ ስሞክርም ጣቴ አንዱን ፊደል ሦስት ጊዜ ይደጋግመዋል።

አንድ ቀን መላ ፍለጋ መምህርት ማስተዋል ቤት ስደርስ ከሥራ ባልደረባቸው ከአቶ ደሳለኝ ጋር ሲከራከሩ አገኘኋቸው። እርሳቸው ለመጻፊያ የሚወዱት፣ ማውስ ሳይነካ ሁሉም በቁልፍ ብቻ የሚታዘዝበትን ጥቁር ገጽ ነበር፤ አቶ ደሳለኝ ደግሞ በቀለም ያጌጠውን፣ የተጀመረ ቃል የሚሞላውን ይመርጣሉ።

«አንቺ ዛሬም በጨለማ ትጽፊያለሽ!»

«አንተስ፣ ማሽኑ ካልሞላልህ የገዛ ስምህን ትጨርሳለህ?»

የሁለት ቅኔ ቤት ተማሪዎች የተገናኙ መሰለኝና ሳቅሁ። «ለእኔስ የትኛው ይሻለኛል?» ብዬ ብጠይቅ፣ መምህርት ማስተዋል እጄን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «የኔታ፣ እርስዎ ማሽኑን አይልመዱት፤ እርሱ እርስዎን ይልመድ» አሉኝ።

ከዚያም ለእጄ የሚስማማ ኪቦርድ በገዛ እጃቸው ሠሩልኝ። ቁልፎቹን አራርቀው ከሥር ጠንካራ ሞላ አደረጉበት፤ አስበው ካልተጫኑት ፊደል አይወጣም። መጻፊያውም ያው ጥቁሩ ገጽ ሆነ፤ ፊደሉን ብቻ ለዓይኔ አተለቁልኝ።

እኔ ግን አዲስ ነገር ሳይባረክ አይጀመርም ብዬ ጠበል ረጨሁበት። ኪቦርዱም በዚያው መሥራት አቆመ። አንገቴን ደፍቼ ይዤላቸው ብሄድ፣ «የኔታ፣ ጠበሉስ ለእኔ ነበር የሚያስፈልገው!» ብለው ሳቁ። በሽታቸውን ደብቀው እውነታቸውን እንደተናገሩ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ሳምንት ፈታተው አደረቁት፣ የተበላሸውን ለወጡ፤ ሲመልሱልኝም «አሁን በቃል ብቻ ይባርኩት» አሉ።

አልጋ ላይ ሳሉ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ ከሰላምታ በፊት «አለቀ?» አሉኝ።

«አንድ ምዕራፍ ቀረኝ።»

«አይቸኩሉ። እኔ ብቀድምዎትም ኪቦርዱ ይጠብቅዎታል።»

ጠበቀኝ። የመጨረሻዋን መስመር የጻፍሁት በሰባተኛው ቀን ከተደረገላቸው ጸሎት እንደተመለስሁ ነው። የሞጣ ተማሪዎቻቸውም ትተውት በሄዱት ንድፍ፣ በመርጡለ ማርያም እጃቸው ለደከመ አንድ መምህር ሁለተኛውን ኪቦርድ እየሠሩ ነው።

መምህርት ሆይ፣ በሰላም ይረፉ። የመምህሬ ትምህርት ከእኔ ጋር አይቀበርም። ይህንንም መሰናበቻ የጻፍሁት በእርስዎ ኪቦርድ ነው፤ አንድም ፊደል አልተደገመብኝም።

እናንተም የምታነቡ፣ እግዚአብሔር ቤታችሁን በጤና ይጠብቅ፤ የደከመ እጅ አይቶ የማያልፍ ሰውም ከቤታችሁ አያጥፋ። አሜን።