ያልመለስነው ተረት

መርዶው የደረሰኝ በቀትር ነው። አብሮ አደጌ ኑሩ ሱቁን በቀትር ዘግቶ አያውቅም፤ የገዳሪፍ ገበያ በሙሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ሲተኛ እንኳ እሱ በርጩማውን አውጥቶ ደጁ ላይ ይቀመጣል። ያን ቀን ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ግቢዬ ገብቶ ሲቆም አየሁትና የማበጥረውን ሰሊጥ አስቀመጥኩ። መናገር የቻለው ሱዳኖች ለሐዘንተኛ የሚሉትን ብቻ ነበር፤ «አልበረካ ፊኩም፣ እታለም» አለኝና አፉን በጥምጣሙ ጫፍ ያዘ። ባለቤቴ ሙሉቀን ለማሽላ አጨዳ ሀዋታ እንደወረደ በወባ ሞቶ፣ እዚያው ተቀብሯል። ወሬውን ያመጣው የሎሪ ሹፌር እኔን ማየት ፈርቶ ለኑሩ ነግሮት ሄዷል።

ሙሉቀን ገጣሚ ነበር። ቀን የሰው እርሻ ያርሳል፣ ሲመሽ ይጽፋል፤ ስለ ጸሎት፣ ስለ ወረፋ፣ እዚህ ሐበሻ እዚያ ሱዳን እየተባልን ስለምንኖረው ኑሮ። በየበዓሉ ስንሰበሰብ ያነብልናል። እኔ ይህን የምጽፈው ግጥሙ የት እንደተወለደ ስለማውቅ ነው። ስለተናደድኩም ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ በረሃቡ ዘመን፣ ከጎንደር ቆላ ተነሥተን በመተማ በኩል አቋርጠን ከገዳሪፍ ወዲያ ካለ መጠለያ ገባን። የአባቴ ላሞች መንገድ ላይ አንድ በአንድ ወድቀው ቀሩ። ያኔ ቀኑ የወረፋ ነበር። የእርዳታ ሰጪዎች እንግዳ በመጣ ቁጥር ገንፎው ከመታደሉ በፊት አሰልፈው የምስጋና መዝሙር ያስዘምሩናል፤ አንጀታችን ተጣብቆ እናጨበጭባለን። ያኔ እንደኛው የመጠለያው ልጅ የነበረው ሙሉቀን ብቻ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይቆማል፤ ስለዚህም ሁልጊዜ ከወረፋው መጨረሻ ይልኩታል። ያን ጭብጨባ ሳስበው ዛሬም መዳፌ ይፋጃል።

ምሽቱ ግን የሼህ ኡመር ነበር። የኑሩ አባት ናቸው፤ የሽመና እቃቸውን ሸጠው ከእኛው አገር የተሰደዱ። የማሽላ አገዳ ያነዱና ክርስቲያን ሙስሊም ሳይሉ ልጆቹን ሁሉ በዙሪያቸው ያስቀምጡናል። ጭሱ ዓይናችንን ያስለቅሰናል፤ ከቆርቆሮ የተሠራችው ኩራዝ ጋዝ ካላት ትበራለች፣ ከሌላት ፊታቸውን የምናየው ፍሙ ሲግም ነው። «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» እንላለን። ሲጨርሱም እንደ ማንኛውም ተረት ነጋሪ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ፤ እኛም ዳቦ ያለን ይመስል እንስቃለን።

አንድ ቀን ጠዋት የሙሉቀን ታናሽ እህት ተቀበረች። ማታ ሼህ ኡመር ሊያጽናኑት ብለው ጅብ ለአህያ ድግስ የደገሰበትን የሚያስቅ ተረት አወሩ። እንደ ልማዳቸው በዳቦው ሲጨርሱ ሙሉቀን ተነሥቶ ቆመ።

«ዳቦ የለም» አላቸው። «በረትም የለም። ተረቱንም አንመልስም።»

ኑሩ አባቱ የተደፈሩ መስሎት «ተቀመጥ አንተ ደረቅ» ብሎ ጎሸመው። ሼህ ኡመር ግን አልተቆጡም። ፍሙን በእንጨት ሲቆሰቁሱ ቆዩና «እውነቱን ነው» አሉ። «እንግዲያው ያዙት፣ ልጄ። ዳቦው ሲመጣ ትመልሱልኛላችሁ።»

ከዚያ ወዲያ በዚያ ቃል ተረት ጨርሰው አያውቁም። ክረምቱ ሳይገባ እሳቸውም ሞቱ። ዳቦው አልመጣም።

ሙሉቀን ካደገ በኋላ ከሁሉ የሚወደው ግጥሙ የሚያልቀው እንዲህ ነበር፤

በረቱ ባዶ ነው፣ ላሞቹ ወድቀዋል፤
ልጆችህ ተርበው ተረትህን ሰምተዋል።
አምላኬ፣ ቃልህን ሰምቼ ይዣለሁ፤
ዳቦው እስኪመጣ አልመልስም ብያለሁ።

አርባው ሲደርስ የማኅበራችን ሰብሳቢ ቤቴ መጣ። ግጥሙን እሱ እንደሚያነብ፣ እነዚህን ስንኞች ግን ትቶ በተመስገን እንደሚዘጋው ነገረኝ። የእግዚአብሔርን ቃል ተረት ማለት ድፍረት ነው፣ ሙት ከፈጣሪው ጋር አይሟገትም አለ። «እህቴ፣ በተመስገን ቢያልቅ ምን ይጎዳሻል?»

«ሙሉቀን ጠግቦ ቢሆን ኖሮ እሱ ራሱ በተመስገን ይጨርሰው ነበር» አልኩት።

አልሰማኝም። በማግስቱ በሕዝብ ፊት ቆሞ ስንኞቹን ዘለለና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተመስገን» አለ፤ ሰዉም «አሜን» አለ። ያ የመጠለያው ጭብጨባ ጆሮዬ ላይ መጣ። በሕይወቱ አልዘምርም ያለውን ሰው ሲሞት ሊያዘምሩት። ፊታችን የዝክሩ ዳቦ ተቆርሶ በየሰፌዱ ተቀምጧል። ለካ ዳቦው የሚመጣው ለአርባ ነው።

«አላለቀም» አለ ከበሩ በኩል ኑሩ። ሰው ሁሉ ዞረ። «አባቴ የሰጡት ነው። አላለቀም።»

እኔም ተነሣሁና የቀሩትን ስንኞች በቃሌ አልኳቸው። ሰብሳቢው አንገቱን ደፋ፤ አንዳንዶች ዳቦውን ሳይቀምሱ ወጡ። ከእኛ ጋር በመጠለያው ያደጉት ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም።

አሁን ሙሉቀን አምላኩን ክዶ ነበር ይላሉ። የካደ ሰው ቃሉን ጥሎት ይሄዳል። ሙሉቀን እኮ ከዚያ ፍም ዳር ጀምሮ እስከ ሀዋታ ይዞት ኖሯል፤ እኔ ጋ የቀረውም እሱ ነው፤ እኔም አልመልስም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ለሙሉቀን ነፍስ ይማር በሉለት፤ ሼህ ኡመርንም በየእምነታችሁ አስቧቸው። በእሱ ስም ግን ተመስገን አትበሉ። ፈጣሪን ማረው በሉት፤ ማረው ካላችሁት በኋላም ዳቦውን አስታውሱት።