ሦስቴ የሚታጠቡ እጆች

በየማለዳው፣ የፋብሪካው ሠራተኞች ምግብ ቤት ከመከፈቱ በፊት፣ ምግብ አብሳይዋ እጇን ሦስት ጊዜ ትታጠባለች። ጥፍሮቿን በብሩሽ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ በሳሙና። ሲያበቃ መዳፎቿን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግታ፣ ውሃው በጣቶቿ መሀል ሲወርድ ታያለች።

«ቆዳሽን ልትልጪው ነው እንዴ? ድንች መሰለሽ?» ይላታል ሰሃን አጣቢው።

«አንተ ሰሃንህን እጠብ!»

እህቷ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሳቋ ከስፌት መኪናዋ በላይ የሚሰማ። እሷና ትንሽ ልጇ ከአብሳይዋ ጋር በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አብረው ምሳ እንደበሉ፣ እህትየው አንሶላ ልታሰጣ ወደ ግቢው ወጣች። ፀሐይዋ ከኋላዋ ስለነበረች ጥላዋ በነጩ ጨርቅ ላይ እንደ ሥዕል ይታያል። አንሶላው እንደ ትንፋሽ ተነፋ፤ ሲመለስ ጥላው የለም። አብሳይዋ እንደ ልጅነታቸው የተደበቀች መስሏት «በቃ፣ አገኘሁሽ!» ብላ ገለጠችው። እህቷ መሬት ላይ ወድቃ ትንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ እስትንፋሷ ተቋረጠ።

ሐኪሙ አስከሬኑን ከመረመረ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። አንጎሏ ውስጥ አተር የሚያካክሉ፣ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ነበሩ፤ የአሳማ ኮሶ እጭ።

«ዓመታት ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። እንዲህ በድንገት የሚወስደው ጥቂት ሰዎችን ነው። እንቁላሉ የሚተላለፈው ኮሶ ካለበት ሰው ነው፤ በእጅ፣ በምግብ። ቤተሰቡ ይመርመር» አላት።

ልጅቷ ደህና ነበረች። ኮሶው የተገኘው ከአብሳይዋ ነው። በፋብሪካው ምግብ ቤት የጨው ልኩን ለማወቅ በደንብ ያልበሰለ የአሳማ ሥጋ ከድስቱ ስትቀምስ ስንት ዓመቷ!

መድኃኒቱን ዋጠች፤ «ድነሻል» ተባለች። እጆቿን ግን አላመነቻቸውም። ከሥራ ቀረች፤ ቢላ አልነካም አለች። ለእህቷ ልጅ የምታቀርበው የተገዛ ዳቦ ብቻ ሆነ። ልጅቷ ከሳች። ቤቱም በውሃ ውስጥ እንዳለ ቤት ዝም አለ።

አንድ ቀን ልጅቷ ቲማቲምና ቢላ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አክስቴ፣ ዳቦ ሰለቸኝ። ሰላጣ ሥሪልኝ።»

«የኔ ዓለም፣ እጄን እያወቅሽው...»

«ታጠቢያ!»

አክስትየዋ ታጠበች። ልጅቷ አጠገቧ ቆማ ውሃ ታፈስላታለች።

«አንዴ ለኔ። አንዴ ላንቺ። አንዴ ደግሞ ለእማዬ።»

ከዚያ አብሳይዋ ቲማቲሙን ከተፈች፤ ልጅቷም አንድ ሳታስቀር በላች። በሳምንቱ አክስትየዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ታሪኳን እንድጽፍ ስትፈቅድልኝ፣ «ኮሶውንም፣ ሳይበስል መቅመሴንም ጻፊው፤ ሌላው ይማርበት» አለች። አንዲት ነገር ብቻ ሳትጻፍ እንድትቀር ለመነችኝ፦ ያን ቀን እህቷ አንሶላውን ይዛ ከመውጣቷ በፊት፣ አብሳይዋ የሠራችውን ሰላጣ በልታ ሰሃኑን በዳቦ ጠርጋ፣ እየሳቀች፣ «እጅሽ ይባረክ» ማለቷን።