ያልተነገረው ንግግር

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ሊሙ የድሮ ገበያ የጻፈችውን እንዳነብላት ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ቤቴ ድረስ ይዛልኝ መጣች። መሃል ላይ አንድ ሽማግሌ ተናገሩት የተባለ በጣም ያማረ ቃል አገኘሁ። "ይህን ማን ነገረሽ?" ስላት አንገቷን ደፋች። አልተቆጣኋትም። በእሷ ዕድሜ እኔም ያው ነበርኩ።

ያኔ የአጋሮን አካባቢ ታሪክ ስጽፍ ቀድሞ የሚያነብልኝ ናዚፍ ነበር። እሱ የጅማ ነጋዴ ልጅ፣ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው፤ እኔ ከወላይታ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ልጅ። ጁምዓ ሰግዶ እስኪወጣ ሻይ ቤት እጠብቀዋለሁ፤ እሁድ ደግሞ እሱ ከቸርች እስክወጣ ይጠብቀኛል።

አንድ ቀን የድልድዩን ምዕራፍ ሰጠሁት። አንድ ገበሬ መንደርተኛውን አስተባብረው ስላሠሩት የእንጨት ድልድይ ነው። ሰውየው ወንዙ ዳር ቆመው ያደረጉትን ንግግር አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌዋለሁ።

"ንግግሩን ከማን ሰማኸው?" አለኝ።

"ከማንም። መቼም ዝም ብለው አያሠሩም ብዬ ነው።"

"ወላሂ፣ ልብ ወለዱን ለእኔ ተውልኝ። ያንተን ሰው አምኖ ነው የሚያነበው።"

ቀንቶብኝ ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። በመጨረሻ ራሱ መጣና፣ "ተነስ፣ ልጃቸው በሕይወት አሉ፤ ሄደን እንጠይቃቸው" አለኝ።

ነሐሴ ነበር። የተሳፈርንበት አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር የቀረውን መንገድ በእግራችን ሄድን። ከዛፉ ቅጠል የሚንጠባጠበው ውሃ አንገታችን ውስጥ ይገባል።

የሰውየው ልጅ አባ ፊጣ የተቀቀለ በቆሎ አቀረቡልን። ምዕራፉን አነበብኩላቸው። ንግግሩ ጋ ስደርስ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣" አሉኝ፣ "አባቴ እኮ ዲዳ ነበሩ። ድልድዩን በእጃቸው እያሳዩ ነው ያሠሩት።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ናዚፍን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። እሱ ግን ከበቆሎው ፈልፍሎ እጄ ላይ አደረገልኝና ወደ ሽማግሌው ዞረ።

"አባ፣ እንዴት አድርገው ያሳዩ ነበር? እስኪ ያሳዩን።"

አባ ፊጣ ተነሱ። ዝናቡ እስኪያባራ የአባታቸውን ምልክት አንድ በአንድ አሳዩን፤ ማገሩ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሰው ሲፈራ ትከሻውን እንዴት መታ መታ እንደሚያደርጉት። እኔም ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ። ንግግሬን እዚያው ቀደድኩት።

ዛሬ የናዚፍ ዓይን ደክሟል። ሐሙስ ሐሙስ ቦሳ አዲስ ሰፈር ቤቱ እየሄድኩ አነብለታለሁ። በዕድሜዬ ብዙ ሰው አመስግኖኛል፤ ምስጋናው ደስ ብሎኝ አልፏል። ለአንድ ገጽ እውነት ብሎ እኔን ሊያጣ የደፈረው ግን እሱ ብቻ ነው። ያን ቀን ሲጠራኝ ኩርፊያዬን ይዤም ቢሆን ተነስቼ መከተሌ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።