አርባ ድስት ለሃያ ሁለት

ዓርብ፣ በኅዳር መጀመሪያ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ገርጂ ካለው ቤቴ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አርባ የሸክላ ድስቶች ከእሳት ወጡ። አንድም የተሰነጠቀ አልነበረም።

የሠሯቸው ሰርቪስ ቤቴን የተከራዩ ሴት ናቸው። ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ጦርነቱ ከጎንደር ገጠር አፈናቅሏቸው ነው የመጡት። ሃያ ሁለት ሰፈር ልትከፈት የተዘጋጀች አንዲት ሽሮ ቤት የሰጠቻቸው ትእዛዝ አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያቸው ነበር። የሽሮ ቤቷ ባለቤት፣ አንዲት ወጣት፣ ቅዳሜ ልረከብ አለች። ለእሳቸው ግን ቅዳሜ ሰንበት ነው፤ ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ዕቃ አያነሱም፣ እሳት አይነኩም። ልጅቷ ቁርጡን ነገረቻቸው፤ ዓርብ ካልደረሰ ከሾላ ገበያ ትገዛለች።

ከሁለት ሳምንት በፊት የተተኮሰው የመጀመሪያው ዙር ከሽፎ ነበር። ከጭቃው ጋር የሚቀላቀለውን የተፈጨ ገል በአገራቸው ልክ ጨመሩ፤ የዚህ አካባቢ አፈር ግን የበለጠ ይፈልጋል። ከግማሽ በላይ ፈነዳ። ስብርባሪውን ለቀሙ፣ ፈጩት፣ አዲሱ ጭቃ ላይ በእጥፍ ጨመሩት።

ድስቶቹን ሙቀታቸው ሳይወጣ በገለባ ጠቅልለን መኪናዬ ላይ ጫንን። መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘጋ። እሳቸው በመስኮቱ ፀሐይዋን ያያሉ።

«ጋዜጠኛ ነኝ ትላለህ፤ አንዲት መንገድ ማስከፈት አቃተህ?»

«ትራፊክ ፖሊስ ዜና አያነብም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ዜናህ ለምን ይጠቅማል?»

ክላክሱን ነፋሁ።

አሥር ሰዓት ከሩብ ደረስን። ልጅቷ አንዱን ድስት በጣቷ ኳ አድርጋ አዳመጠች።

«እማማ፣ ይሄ እሳት ይችላል?»

«ሽሮሽን አምጪና እሱን ጠይቂው።»

ድስቱን በዘይት አሽተው ራሳቸው ከሰል ላይ ጣዱት። የወጥ ቤቱ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ከበበን። ሽሮው ተንተከተከ። ድስቱ አልተሰነጠቀም፤ አላንጠባጠበም።

«ቅዳሜ የማይሠራ ሰው እንዲህ ይሠራል ብዬ አልጠበቅኩም» አለች ልጅቷ።

«ስድስቱን ቀን ሰንፎ የሚውል ነው በሰባተኛው መሥራት የሚመኝ» አሏት።

ወጥ ቤቱ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። እዚያው ቆማ ሌላ ሰማንያ ድስት አዘዘች። ማስረከቢያው ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለው ረቡዕ ሆነ፤ ቀኑን የመረጠችው እሷ ነች።

አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ገርጂ ገባን። ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር።