እጄን ያላነሳሁበት ቅዳሜ

ልደታ ኮንዶሚኒየም በገባን በዓመቱ የልጅ ልጄ ሕግ መማር ጀመረች። ትምህርቱን አልጠላሁትም፤ የጠላሁት ዝግጅቱን ነው። አንድ ቅዳሜ የአዲስ ተማሪዎች አቀባበል፣ ሌላ ቅዳሜ ክርክር፣ ከዚያ ደግሞ እራት። ትምህርት ቤት ነው ሠርግ ቤት? ማን ማን እንደነበረ፣ ማን እንደሸኛት፣ ለምን እንደተኳለች ሳልጠይቅ አላሳልፍም። እሷ «የትምህርቱ አካል ነው እማዬ» ትለኛለች። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም፤ ቢሆንም ኩል የትምህርት አካል ሲሆን ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ጥቁር ካባ በፌስታል ይዛ መጣች። ምስለ ችሎት የሚሉት ውድድር አለ አለችኝ። ተማሪዎቹ ዳኛ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው የፈጠራ ክስ ይሟገታሉ፤ መምህራቸው ነጥብ ይሰጣል፤ ያሸነፈው ሌላ ከተማ ሄዶ ይወዳደራል። እሷ የተከሳሹ ጠበቃ ነበረች። በዕድሜ የገፋች ምስክር ስላስፈለጋት እኔን ለመነችኝ። እሺ ያልኳት መመስከር አምሮኝ አይደለም። በዚያ ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደሚሠራ በዓይኔ ለማየት ነው።

ሳምንቱን ሙሉ አስጠናችኝ። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣልተዋል፤ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከሳሹ ራሱ አጥሩን ሲነቅል አይቻለሁ። «ምን ለብሶ ነበር ካሉሽ ቡናማ ካፖርት በይ» አለችኝ። ያኔ ጥርጣሬ ገባኝ። ያላየሁትን ካፖርት ቀለም የምታስጠናኝ ልጅ፣ ነገ በእውነተኛው ችሎት ማንን ምን ታስጠና ይሆን?

የጠረጠርኩት ያለ ነገር አይደለም። ባለቤቴ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። ከጎኑ ያለ ነጋዴ ቦታው የእኔ ነው ብሎ ከሰሰው። በሰፈሩ አይተናቸው የማናውቃቸው ሁለት ሰዎች ቀኝ እጃቸውን አንስተው ማሉና መሰከሩ። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እጃቸውን አየሁ፤ አልተንቀጠቀጠም። ሥራ ቤቱ ሄደ፤ ባለቤቴም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ይህን ለልጅቱ ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቷል። ወንዶቹ ሁሉ ከረባት አስረዋል፤ አንድ በአንድ አየኋቸው። ተጠርቼ ስቆም አንዱ ተማሪ ቀኝ እጄን አንስቼ እውነቱን ለመመስከር እንድምል ጠየቀኝ። መሐላ እንዳለው ልጅቱ አልነገረችኝም።

«ላላየሁት ነገር አልምልም» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። ዳኛ የተደረገው፣ ጢሙ ገና የሚያቆጠቁጥ ልጅ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እማማ፣ ጨዋታ እኮ ነው። እግዜር ይቅር ይልዎታል።»

«አንተ የእግዜር ጠበቃ ነህ?»

ደግመው ሳቁ። የከሳሹ ጠበቃ ብድግ ብሎ ያልማለ ምስክር ቃሉ ሊሰማ አይገባም አለ። ዓይነ ውሃው ባያምረኝም፣ እውነቱን ነው።

የልጅ ልጄ ወደ እኔ መጣች። ስለ እኔ ብለሽ ብላ ጆሮዬ ሥር የምትለምነኝ መስሎኝ ነበር፤ ብትለምነኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላምናትም ነበር። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጮክ ብላ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ እያለችኝ ጠየቀችኝ።

«ስለዚህ ጉዳይ በእርግጥ ያዩት ነገር አለ?»

«የለም።»

ወደ ዳኛው ዞረች። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሬ ይሰናበቱልኝ።»

ተሸነፈች። መምህሩ ዘንድ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ከእሷ ነጥብ አትቀንስ አልኩት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና፣ ጠበቃ ምስክሯን አስቀድማ ማወቅ እንዳለባት፣ ለሌሎቹም ነጥቡን በዚሁ መለኪያ እንደቆጠረ በትሕትና ነገረኝ። አድልዎ ፈልጌ አጣሁበት። ተናድጄ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ተክለ ሃይማኖት እስክንደርስ ካባዋን ስታጣጥፍ ቆየች። ከዚያ «ጨዋታ ነበር እኮ እማዬ» አለች።

«ጨዋታው የእናንተ ነው። እጁ ግን የእኔ ነው።»

የሥራ ቤቱን ነገር ያን ጊዜ ነገርኳት። ረዳቱ «ልደታ ወራጅ» እስኪል ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስንወርድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ሰዎቹ ሲመሰክሩ የአያቷ ጠበቃ ምን ብሎ እንደጠየቃቸው።

«ምንም። ጥያቄ የለኝም ብሎ ተቀመጠ።»

ቤታችን ስንደርስ ደረጃውን ቀድማኝ ወጣች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ተኳለች። ሐሰተኛ ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅ ልምምድ አለ አለችኝ። ማን እንደሚሸኛት ጠየቅኳት፤ መልሷ አላጠገበኝም። ነጠላዬን አነሳሁ።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?»

«ከኋላ ወንበር» አልኳት።