አባባ ዌንደል በየጠረጴዛው የተኙበት ቀን

አማቴ ዌንደል ስትራውድ ዕድሜያቸውን የገፉት አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው ነው። በዚህ በቴክሳስ የከብት ሜዳ ላይ፣ ውኃ ከጉድጓድ የሚስቡትን የንፋስ መዘውሮች እየወጡ ሲጠግኑ ኖረዋል። ሜዳችን ጉብታ የሚባል አያውቅም። አባባ፣ «ከመዘውር ጫፍ ላይ ሆኜ የነገውን እንግዳ ዛሬ አየዋለሁ» ይላሉ።

ይህ ሜዳ ግን አንድ ቦታ ላይ ድንገት ይሰነጠቃል። መንገዱ ታጠፍ ሲል መሬቱ ከፊት ይጠፋና ቀይ፣ ብጫና ወይን ጠጅ የተደራረበበት ገደል አፉን ይከፍታል። እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ ስንቴ እንደወረድኩ አላውቅም። አሁንም እዚያች መታጠፊያ ላይ ስደርስ ወሬዬን አቋርጣለሁ።

አባባና ሚስታቸው እማማ አርዲስ በየበጋው አልጋና ማዕድ ቤት ባለው አሮጌ የቤት መኪናቸው ገደሉ ውስጥ ወዳለው ፓርክ ይወርዳሉ። ማረፊያው ከተመረጠ በኋላ መኪናውን ማቆሙ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ባል መሪ ይዞ በኋሊት ይገባል፣ ሚስት ከኋላ ቆማ በእጇ ትመራለች፣ ከዚያ ይጣላሉ። ያልተጣሉ ባልና ሚስት አላየሁም። ጎረቤት ወንበር አውጥቶ ነው የሚያየው፤ የእማማ አርዲስን ደግሞ ለማየት ከሩቅም ይመጣ ነበር።

«ግራ አልኩህ፣ ዌንደል! ግራህን የምታውቀው ሹካ ስትይዝ ብቻ ነው?» እያሉ ይጮሃሉ። መኪናው ልክ ቦታው ላይ ሲደርስ ግን መዳፋቸውን ዘርግተው ያቆሙታል። በቃ፣ እዚህ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያች መዳፍ በኋላ አባባ አንዲት ስንዝር አይነቃነቁም።

በየካቲት እማማን ስትሮክ መታቸው። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ያ ሁሉ ምላስ «እ» እና «አዎ» ብቻ ቀረው። ሐምሌ ሲገባ አባባ፣ «የገደሉ ግድግዳ ማታ ሲቀላ ከትራሷ ላይ ሆና አንዴ ትየው» አሉ። ሐኪሙ ሙቀት እንዳያገኛቸው አስጠንቅቆ ፈቀደ። ባሌ ሥራ ላይ ስለነበር እኔ ሕፃኗን ልጄን ክላራን ይዤ ተከተልኳቸው።

የፓርኩን እንግዶች የሚያስተናግደው ኦዴል የአባባ የድሮ ጓደኛ ነው፤ በጋውን እዚያው በራሱ የቤት መኪና ይኖራል። እማማን የአየር ማቀዝቀዣው እየሠራ በመኪናቸው ውስጥ ከኦዴል ሚስት ጋር ትተን፣ በእኔ መኪና ቦታ ፍለጋ ወጣን።

ኦዴል መጀመሪያ የወሰደን ወንዙ ዳር፣ ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ነው። «ከዚህ የተሻለ ጥላ አታገኝም» አለ። አባባ ግን በየማረፊያው ለምግብ ከሚቀመጡት የእንጨት ጠረጴዛዎች አንዱ ላይ ወጡና በጎናቸው ጋደም አሉ፤ ጉንጫቸውን በክንዳቸው ላይ አደረጉ።

ኦዴል አፉን ከፍቶ አያቸው። «ዌንደል፣ ማረፊያ ነው የምትመርጠው ወይስ የሬሳ ሣጥን?»

«ዝም በል፤ አሁን አርዲስን ነኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ጠረጴዛው በእማማ አልጋ ቁመት ነው፤ አልጋው አጠገብ ያለችው መስኮት ደግሞ አንዲት ናት። አባባ ጥቂት አዩና ተነሡ። «ቅጠል ነው። ቅጠል ለማየት እዚህ ድረስ አላመጣኋትም።»

ቀጥሎ ገደሉ ውስጥ ካለ ጉብታ ላይ ወጣን። እዚያ ሁሉም ነገር ይታያል፤ ገደሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የደመናው ጥላ ግድግዳው ላይ ሲሳብ። አንድ ዛፍ ግን የለም። አባባ ጠረጴዛው ላይ እንደተኙ ተቃጥለው ዘለሉ፤ ቢሆንም ዓይናቸው ከዚያ አልነቀል አለ።

«ይሄ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«አባባ፣ እንቁላል ብሰብርበት ይጠበሳል እኮ! እማማን እዚህ አናስቀምጥም።»

«ማቀዝቀዣ አለን።»

«ያ ማቀዝቀዣ ባለፈው ሳምንት ራሱ ታሞ አልነበር?»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን ያዩ ጀመር። ክፉ የተናገርኩ መሰለኝ፤ ቃሌን ግን አልመለስኩም።

ክላራ ማልቀስ ጀመረች። ዳይፐር ልቀይርላት ምዕራቡ ግድግዳ ሥር ወዳለው መጸዳጃ ቤት ይዣቸው ወረድኩ። ከጎኑ ማንም የማይፈልገው ዘንበል ያለ ማረፊያ አለ። ክላራን ጠረጴዛው ላይ ሳስተኛት እንጨቱ ቀዝቃዛ ነው። ገና ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የግድግዳው ጥላ ግን ቀድሞ ደርሶብናል። ልጄ ለቅሶዋን አቁማ ወደ ጎን አፈጠጠች። ዞሬ ባይ ምሥራቁ ግድግዳ፣ ያ ሁሉ ቁመቱ፣ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል።

«አባባ! ይምጡማ፣ እዚህ ይተኙ!»

ከክላራ አጠገብ ተጋደሙ። ሁለቱም ወደ አንድ ጎን አፈጠጡ። 

ኦዴል ግን፣ «መሬቱ ዘንበል ማለቱ ይቅር» አለ። «በኋሊት ከገባህ መስኮቷ የሚያየው መጸዳጃ ቤቱን ነው።»

«እንግዲያው በአፍንጫው፣ ወደ ፊት እገባለሁ።»

«ኧረ ዌንደል! የመብራቱ ሶኬትም የውኃው ቧንቧም በተቃራኒው ጎን ሊቀሩ? ሰው ምን ይላል?»

«ወንበሩን አውጥቶ ይይ።»

እውነትም አወጣ። እኔ በእማማ ቦታ ቆሜ እጄን ሳወዛውዝ፣ ግራ ስል ቀኝ እየሄዱ ላብ በላብ አደረጉኝ። አንዱ ጎረቤት፣ «አባት፣ ፊትና ኋላውን ገልብጠውታል!» ብሎ ጮኸ፤ ሰዉ ሳቀ። ከጎማው ሥር እንጨት ደርድረን አስተካከልን፤ የውኃውን ቱቦና የመብራቱን ገመድ በመኪናው ሆድ ሥር አሳለፍን።

ማታ እማማን ትራስ ደግፈን ቀና አደረግናቸው። እኛ ጥላ ውስጥ ነን፤ ማዶው ግን ፍም ከውስጡ እንደሚነፋ ይቀላ ጀመር። መጀመሪያ ብጫው መስመር ጠፋ፣ ከዚያ ወይን ጠጁ፤ ሁሉም አንድ እሳት ሆነ፣ እሳቱም ሳያቃጥል ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። ስንወለድ የነበረ ድንጋይ ነው፤ እኔ ግን ገና አሁን የተሠራ መሰለኝ። በበሩ የማየው የጎረቤት ሁሉ ወንበር ፊቱን ወደዚያ አዙሯል።

የእማማ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

«ዌን... ደል።»

አባባ ደነገጡ። «አቤት፣ የኔ ፍቅር።»

«ገል... ብጠህ... አቆምከው።»

አባባ ሊስቁ ጀምረው ፊታቸውን አንሶላው ውስጥ ደበቁ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። «አስተካክለው ካልሽኝ አሁኑኑ አዞረዋለሁ» አሉ ከዚያው ሆነው።

እማማ መስኮቱን እንዳዩ ደኅናው እጃቸውን አነሡ። ከዚያ መዳፋቸው እንደ ድሮው ተዘረጋ።