ለክምሩ የተወጋው ጆንያ

ታናሽ ወንድሜ ቡሬ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። እኔ ከእህል በረንዳው አጠገብ ሻይና ዳቦ ስለምሸጥ የእሱንና የሥራ ጓደኞቹን ወሬ ሳልወድ በግዴ ስሰማ ኖርኩ። ነጋዴው እህል ሲገዛ አንዱን ጆንያ በሹል ብረት ይወጋና መዳፉ ላይ የፈሰሰውን አይቶ ክምሩን ሁሉ ያነሳል። የኛዎቹም ይህንኑ ተማሩልኝ።

ገበያው ሲፈታ ተያይዘው በነቀምት መውጫ በኩል አረቄ ወደምትሸጥ አንዲት ሴት ቤት ይሄዳሉ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ። ኮንዶም ጤና ጣቢያ በነጻ ይታደላል፤ እነሱ ግን «ከረሜላ ከነላስቲኩ ይበላል?» እያሉ ይሳሳቃሉ።

ወንድሜ የጅጋ ልጅ አጨ። ቀና ብላ ሰው የማታይ ጭምት ልጅ ናት። «ከሠርጉ በፊት ደምህን ተመርመር» አልኩት።

«እታለም፣ አንዱ ጓደኛችን ፍኖተ ሰላም ለታመመች እናቱ ደም ሊሰጥ ሄዶ ተመርምሯል። ነጻ ነህ ተብሏል። የምንገባው ሁላችንም አንድ ቤት ነው፤ እሱ ነጻ ከሆነ እኛስ ምን እንሆናለን?»

«አንተ ሰው ነህ ወይስ ጆንያ?» ስለው ሳቀ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሠርጉ ተደገሰ።

ልጃቸው ገና ድክ ድክ ሳይል ወንድሜን ሳል ያዘው። ያኔ መድኃኒቱ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ኩንታል ተሸክሞ መኪና ላይ ይወጣ የነበረውን ሰው እኔ ሴቲቱ ብቻዬን አቅፌ አገላብጠው ጀመር። ሞተ። እንደተናደድኩበት ቀበርኩት፤ ንዴቴ ዛሬም አልበረደልኝም።

በሠልስቱ ያ የተመረመረው ጓደኛው መጣ። እኔና የወንድሜ ሚስት ከተቀመጥንበት ጥግ ድረስ ገብቶ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። እሷ በሽታው በራሷም ደም እንዳለ ተመርምራ ያወቀችው በቅርቡ ነው፤ ልጇን አቅፋለች።

«እትዬ፣ ሆዴን በላኝ» አለኝ። «እኔ እኮ እዚያ ቤት አረቄ ከመጠጣት በቀር ምንም አላደረግሁም። ከሴቲቱ ጓዳ ገብቼ አላውቅም። ስወጣ ግን እንደነሱው አወራ ነበር።»

ከዚያ ያቺ ቀና ብላ ሰው የማታየው ልጅ ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

«ያኔ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ይስቁብኛል ብዬ» አለ።